ሂና የነካው እግር

የሻረግ ያን ቅዳሜ መተማ ገበያ የወጣችው ጨው ልትገዛ ነበር። ለአባቷ ለግራዝማች ያረጋል የነገረቻቸው ቢያንስ እንደዚያ ነው። ጨው ለመግዛት ግን ሰው ከንጋት ጀምሮ ጠጕሩን ሲሠራ አይውልም፤ ለጥምቀት የተሰፋ ቀሚስም ከሳጥን አያወጣም። ግራዝማች ደጃፍ ተቀምጠው ሽቅብ ቁልቁል አዩዋትና፣ «ጨው ሻጩ ማን ቢሆን ነው?» አሏት። ያልሰማች መስላ ባዶዋን የጨው ስልቻ አንጠልጥላ አለፈች።

«ነገ ከቅዳሴ መልስ የሽንፋዎቹ ሽማግሌዎች ይመጣሉ!» አሉ ከኋላዋ። «ዛሬውኑ መልስሽን እፈልጋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ በባዶ እጃቸው አልሸኛቸውም፤ ሰው ምን ይለኛል?»

ሽማግሌዎቹ የሚመላለሱት ለውባንተ ነው። ውባንተ ሽንፋ ወንዝ ዳር ሰፊ የሰሊጥ መሬት ያለው፣ ረጋ ያለ፣ ከሰው ተጣልቶ የማያውቅ ጎልማሳ ነው። ክፋት የለበትም። ጥፋቱ አዛናው አለመሆኑ ብቻ ነው።

አዛናው ደግሞ የቀጥቃጩ የፈረደ ልጅ ነው። በዚያ አገር ሰው ማረሻውን ከፈረደ እጅ ይቀበላል፤ ሴት ልጁን ግን ለፈረደ ቤት አይሰጥም። ጣሊያን መተማ ገብቶ የካሚዮን ጋራዥ ሲከፍት አዛናው እዚያ ተቀጠረ። ከተሰባበሩት ካሚዮኖች አራት ኩሽኔታ ለቀመ፤ እነዚያ ጎማን የሚያሽከረክሩ፣ ሆዳቸው በብረት ፍሬ የተሞላ ቀለበቶች ማለት ነው። አባቱ ሁለት የብረት ዘንግ ቀጥቅጠው ሰጡት፤ እሱም ክንድ ተኩል በምታህል ሳንቃ ሥር ገጠማቸው። ከዚያ ከጋራዡ ፊት ባለው የሲሚንቶ ቁልቁለት አናት ላይ ወጣና፣ ባዶ እግሩን ሳንቃው ላይ አኑሮ ራሱን ለቀቀ።

የመጀመሪያ ቀን ለጥርሱ ያሰጋ ነበር። በሦስተኛው ወር ግን ቁጢጥ ብሎ ይወርዳል፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ይወርዳል፣ መሐል መንገድ ላይ ዘሎ፣ አየር ላይ ዞሮ፣ እዚያችው ሳንቃ ላይ ያርፋል። ገበያተኛው ግመሉን አቁሞ ያየው ጀመር። የካሚዮን ነጂዎቹ ሳንቲም ይወረውሩለታል፤ የአገሩ አሮጊቶች ያማትቡለታል።

ኩሽኔታ ዘይት ካልጠጣ ይጮኻል። በመተማ ደግሞ ግመል የሚያዞረው የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ያለው ግራዝማች ያረጋል ግቢ ነው፤ እናቷ ወይዘሮ አሰበች ከሞቱ ወዲህ ዘይቱን የምትቀዳው የሻረግ ናት። አዛናው ጠርሙሱን ይዞ መጣ። በሳምንቱ እንደገና መጣ። አንድ ጠርሙስ ዘይት ለመቅዳት የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው፤ እነሱ ግን አስረዘሙት።

ከዚያ፣ በግንቦት፣ አንድ ግሪካዊ የትርኢት ሰው በመተማ ሲያልፍ አየውና በወር ደመወዝ ቀጠረው። ጎንደርን፣ አስመራን፣ ምፅዋን ሊያዞረው ነው። ወሬው ግቢ ሲደርስ ግራዝማች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ለመንሸራተት ደመወዝ? እኔስ ክረምት በመጣ ቁጥር በዚህ ጭቃ ስንሸራተት እከርም የለ? ማን ከፈለኝ!»

የሻረግ አብራ አልሳቀችም። አዛናው ሲሰናበታት ከቀሚሷ ጥልፍ አንድ ቀይ ክር መዝዛ በጠርሙሱ አንገት አሰረችለት። «ይህ ክር ሳይበጠስ ተመለስ፤» አለችው። ስምንት ወር ሆነው።

በስምንት ወር ሦስት ደብዳቤ መጣ። ሦስቱንም ያመጣው በሽር የሚባል የካሚዮን ነጂ ነው። አዛናው መጻፍ ስለማይችል አስመራ ላይ በጸሐፊ ያስጽፋል፤ የሻረግ ግን ዳዊት የደገመች ልጅ ናትና ራሷ ታነባለች። የመጀመሪያው ደብዳቤ አስፋልት ምን ያህል ልስልስ እንደሆነ፣ ስሙ በትልልቅ ፊደል ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ይተርክና፣ መጨረሻ ላይ፣ «ኩብራ የምትባል የከሰላ ልጅ ትከሻዬ ላይ ቆማ አብረን እንወርዳለን፤» ይላል። የሻረግ ያችን መስመር አሥራ አንድ ጊዜ አነበበቻት። ሁለተኛው ደብዳቤ፣ «ወድቄ ክንዴ ተሰብሮ ነበር፤ ኩብራ አስታመመችኝ፤» አለ። ስለ መሰበሩ ማልቀስ ሲገባት፣ ስለ ማስታመሟ አለቀሰች። ሦስተኛው ሲመጣ ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ቃል «ኩብራ» ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓይኗ አልሄደም። ወረቀቱን አጣጥፋ ከሰሊጥ ጎተራው ውስጥ፣ ክንዷ እስኪደርስ ድረስ አጥልቃ ቀበረችው።

አሁን ሰዎቹ በሙሉ መጥተዋል፤ አዛናውም፣ ግሪካዊውም፣ ከበሮ መቺውም፣ ያችም።

* * *

ያችማ ቀይ ሱሪ ለብሳ ነበር። ሱሪ! መተማ ሴት በሱሪ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ረጅም፣ ጠይም፣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ስትስቅ የማትሸፋፈን። ከበሮው ሲመታ አዛናው ሳንቃው ላይ ወጥቶ ጎንበስ አለላት፤ እሷም ጭኑን፣ ከዚያ ወገቡን፣ ከዚያ ትከሻውን እንደ መሰላል ረግጣ ወጣች። ሁለቱም ባንድ ላይ ቁልቁል ተለቀቁ። ሕዝቡ «ወይኔ!» አለ። ታች ሲደርሱ ሁለቱም እንደቆሙ ናቸው።

የሻረግ የቆመችው ከአንድ ጨው ሻጭ ጀርባ ነው። ሰው ሁሉ ችሎታውን ሲያይ እሷ የምትቆጥረው ሌላ ነበር። ስትወጣ እጇ ስንት ቦታ ነካው? ትከሻው ላይ ስትቆም ተረከዟ አንገቱን አልነካውም? ሲያወርዳት ወገቧን የያዘው ለምን በሁለት እጁ ነው፤ አንድ እጅ አይበቃም ነበር?

አዛናው ላቡን እየጠረገ ሕዝቡን በዓይኑ አሰሰ። ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አየና እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፈገግ አለ። ስምንት ወር ሙሉ በሕልሟ የምታየው ያ ግራ ጉንጩን ብቻ የሚያጎደጕድ ፈገግታ ነው። የሻረግ ፊቷን አዙራ አንድ ግመል ትመለከት ጀመር። ግመሉ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረውም።

በመጨረሻ አዛናው ብቻውን ወጣ። መዳፎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሳንቃውን ግራና ቀኝ ጨብጦ፣ እግሩን ወደ ሰማይ ዘረጋ። በእጁ ቆሞ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ኩሽኔታው እያፏጨ፣ ሰውነቱ እንደ ቱምቢ ቀጥ ብሎ፣ ውስጥ እግሮቹ ለጥር ፀሐይ ተገልጠው ወረደ።

ውስጥ እግሮቹ ቀይ ነበሩ።

የሻረግ መጀመሪያ ደም መስሏት ደነገጠች። ደም ቢሆን ይሻላት ነበር። ቀዩ ከጣት ጫፍ እስከ ተረከዝ የተዘረጋ ሂና ነው። በዚያ ቆላ ለጨዋታ የጣቱን ጥፍር ሂና የሚነካ ጎረምሳ አይታጣም፤ ውስጥ እግሩን የሚቀባ ወንድ ግን ሙሽራ ብቻ ነው። ከጋላባት ማዶ ሰው ጋር አብረው ሲኖሩ ክርስቲያኑም እስላሙም የወረሰው ልማድ ነውና፣ ይህን የማያውቅ አንድም ሰው ገበያው ውስጥ አልነበረም።

«እልልልል! ሙሽራ ነው ለካ!» አለች አንዷ።

«ኧረ በሞቴ! ማንን አገባ?»

«ማንን ይሆናል? ያችን ትከሻው ላይ ያወጣትን ነዋ!»

እልልታው ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው ዳስ ተቀባበለ። የሻረግ ባዶ ስልቻዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ከሕዝቡ ወጣች። መንገዱን አላየችውም። እግሯ ራሱ ያውቀው ስለነበር ግቢ ድረስ አደረሳት።

ግራዝማች አሁንም ደጃፍ ነበሩ።

«ጨውስ?» አሏት።

«እሺ በሏቸው፤» አለች የሻረግ።

ግራዝማች መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ደስ ሊላቸው ሲገባ የልጃቸው ፊት አላማራቸውም። «ለውባንተ? ስምንት ወር ሙሉ እምቢ ብለሽ ዛሬ በአንድ ገበያ?»

«እሺ ብያለሁ፣ አባባ። ደግመው አይጠይቁኝ።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የሻረግ ግን ያፈሰሰችውን ገና አላየችውም። መጭመቂያው ጓሮ ገብታ፣ የግመሉን አንገት አቅፋ፣ እንዳይሰማ አፏን በጠጕሩ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ያናደዳት ማግባቱ ብቻ አልነበረም። ያን እግር ይዞ፣ እሷን እያየ ፈገግ ማለቱ ነበር።

* * *

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ከጓሮው በር አንዲት ሴት ድምፅ አሰማች።

«የዘይቱ ቤት ይኸ ነው?»

ቀይ ሱሪውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍናዋለች፤ አንገቷ ግን ያው ነው። ኩብራ ናት። በእጇ ባዶ ጠርሙስ ይዛለች። በጠርሙሱ አንገት ላይ ፀሐይና ዘይት ያደበዘዘው አንድ ክር ታስሯል።

የሻረግ ክሩን አየችው። ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ።

«ባልሽ ራሱ መምጣት አፈረ?»

«ባሌ?» አለች ኩብራ።

«አገር ያየው እግር እኮ ነው። ከእኔ ምን ይደበቃል?»

ኩብራ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ወዲያው ግን የየሻረግን ዓይን ዕብጠት አየችና ሳቋን ቆረጠችው። «ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ ሦስተኛው ደብዳቤ አልደረሰሽም እንዴ? ሲያስጽፍ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሂናውን ጽፎልሽ የለ?»

የየሻረግ ዓይን ሳታዘው ወደ ሰሊጥ ጎተራው ሄደ።

«ምፅዋ ላይ ነው፤» አለች ኩብራ፣ ሳትጋበዝ መጭመቂያው ግንድ ላይ እየተቀመጠች። «የዚያን አገር አስፋልት ቀን ቀን እንቁላል ይጠብስ ነበር። ሲወርድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ነው የሚያቆመው፤ ውስጥ እግሩ ተሰነጣጠቀ፣ ደማ። ጫማ ቢሰጡት ሳንቃዋ አትሰማኝም ብሎ ሁለቴ ወደቀ፤ ክንዱም ያኔ ነው የተሰበረው። ኸዋጃው ግሪክ ደግሞ፣ የሚሠራ እግር ከሌለህ ደመወዝ የለም አለው። እኛ ከሰላ ግመል ነጂ እግሩ ሲሰነጠቅ በሂና ነው የሚያጠነክረው፤ እናቴ በዚህ ሥራ ነው ያሳደገችኝ። ልቀባህ ስለው ሁለት ሳምንት እምቢ አለ።»

«ለምን?»

«‹መተማ ስገባ የሻረግ ምን ትላለች› እያለ ነዋ!»

የሻረግ እፎይ ማለት ነበረባት። ያለችው ግን ሌላ ነው። ቅናት ካደረበት ቤት በአንድ ቃል አይወጣም።

«ታዲያ እግሩን ለመቀባት አንቺን ማን መረጠሽ?»

ኩብራ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ስታዞረው ቆየች።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለች በመጨረሻ። «እሱ ቢፈቅድ እኔ እወስደው ነበር። ሃይማኖት ይለየናል፤ ባይለየንም አይወስደኝም። ስምንት ወር ትከሻው ላይ ቆምኩ፤ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። ‹ዛሬ መተማ ሰሊጥ ይታጨዳል› ይላል። ‹ይኸኔ የሻረግ ግመሏን ታዞራለች› ይላል። እግሩን ይዤ ስቀባው እንኳ የሚያወራው ስለ አንቺ ነው። ስምሽን ጠላሁት፣ ወላሂ! ዛሬም የመጣሁት ዘይት ልቀዳ ብቻ አይደለም። እኔ የሌለኝ አንቺ ጋ ያለው ምን እንደሆነ በዓይኔ ላየው ነው።»

«ምን አገኘሽ?» አለች የሻረግ ቀስ ብላ።

«ከእኔ የባሰች ቀናተኛ።»

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ከሳቁ ሥር ግን የሻረግ ያልጠበቀችው ነገር ተሰማት። በሕይወቷ ሙሉ ሰው ቀንቶባት አያውቅም ነበር። አሁን ይህች መልከ መልካም፣ አስመራን ምፅዋን ያየች ሴት፣ ዘይት ከመቅዳት ሌላ ባላየችው በእሷ ትቀናለች። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

ተነሥታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጎተራው ውስጥ ሰደደች። ወረቀቱን ስታወጣው ከእጥፋቱ ውስጥ ሰሊጥ ተርገፈገፈ።

«ለውድ እኅቴ ለወይዘሪት የሻረግ ያረጋል። እንደምን ከርመሻል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ኩብራ ውስጥ እግሬን ሂና ቀብታኛለች፤ ለቁስሌ ነው፤ ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። ሰው ሙሽራ ቢለኝ አንቺ እንዳታምኚ። አባትሽ ደጅ የሚቆምልኝ ሽማግሌ በየአገሩ ፈለግሁ፤ በቀጥቃጭ ልጅ ስም የሚቆም ጠፋ። ስለዚህ መተማ ስመጣ በእጄ እቆማለሁ። ያን ጊዜ ታች ያለው ላይ ይሆናል፣ ላይ ያለው ታች፤ እግሬም ለአንዲት አፍታ ከግራዝማችም ራስ በላይ ይሆናል፣ ይቅር ይበሉኝ። የማንም ሙሽራ አለመሆኔን አንቺ ብቻ እያወቅሽ እዪኝ። የአንቺ ለመሆን ግን እንደተቀባሁ ቁጠሪልኝ። ማታውን ጠርሙሴን እልክልሻለሁ። እሺ ካልሽ ሞልተሽ ስደጂልኝ፤ እምቢ ካልሽ ባዶውን። ሌላ ቃል አልፈልግም።»

የሻረግ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የበራላት ይመስል ፊቷ አንዴ ፈካና፣ ተመልሶ አመድ መሰለ።

«እሺ ብያቸዋለሁ፤» አለች።

«ለማን?»

«ለሽንፋዎቹ። ገና አሁን፣ ከገበያ ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው። ነገ መጥተው ቃል ይቀበላሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ኩብራ! በየት ብዬ እመልሰዋለሁ? ደብዳቤው እኮ ወር ሙሉ እዚህ ነበር! ክንዴን ብሰድ የማገኘው፣ እዚህ!»

የሻረግ እንባዋን በመዳፏ ስትጠርግ ዓይኗ በኩብራ መቀነት ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ የቆዳ ከረጢት ላይ አረፈ። አፏ አካባቢ ቀይ ትቢያ የነካት ከረጢት ናት።

«የተረፈሽ ሂና አለ?» አለች።

ኩብራ ከረጢቷን በእጇ ሸፈነች። «ይኸ ጨዋታ አይደለም፣ የሻረግ። ውስጥ እግሯ የተቀባ ልጅ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቃትም። አባትሽም ቢቆጡ አይለቅም።»

«እንዳይለቅ ነው የፈለግሁት።»

ኩብራ ሂናውን በውኃ ለወሰችው። የየሻረግን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ አዛናው እግር፣ ከጣት ጫፍ እስከ ተረከዝ ቀባችው። ሲያልቅ በጨርቅ ጠቀለለችውና ጠርሙሱን አየች። የሻረግ እስከ አፉ ሞላችላት፤ ከዚያ ልትሰጣት ብላ መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው።

«እኔው እወስደዋለሁ፤» አለች። ያን ጠርሙስ በሌላ ሴት እጅ መላክ፣ የገዛ አፏን ለሌላ ሴት ማዋስ መስሎ ታያት።

* * *

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከቅዳሴ መጥተው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ግራዝማች ሲጨነቁ ነው ያደሩት። ልጃቸውን ጠሯት፤ ሥርዓቱ ወጥታ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስማ እሺታዋን እንድታሳይ ነው።

የሻረግ ባዶ እግሯን ወጣች። ሦስቱንም በተራ ጉልበታቸውን ሳመች። ለመሳም መንበርከክ ነበረባት፤ ስትንበረከክ ውስጥ እግሮቿ ወደ ኋላ ተገለጡ። ከኋላዋ የቆሙት አባቷ ናቸው።

ግራዝማች ያረጋል እስትንፋሳቸው ሲቋረጥ ሁሉም ሰማ። ትልቁ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩ። የበሰለ ሂና ነው፤ ከቀይ ወደ ቡናማ ያደላ።

«ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ሞሸረሽ?»

«ሙሽራዬን አገር ሁሉ ትናንት አይቶታል፣ አባቴ። በእጁ ቆሞ ነበር።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን አንሥተው ተነሡ። «ግራዝማች፣» አሉ፣ «እኛ የሰው ሙሽራ ለምነን አናውቅም። ቀድመው ቢነግሩን በቅሎአችንም እኛም አንደክምም ነበር።» ሌሎቹም ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉ። የበቅሎዎቹ ኮቴ ራቀ።

«የቀጥቃጭ ልጅ!» አሉ ግራዝማች በመጨረሻ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግራዝማችነታቸው ስሙ ብቻ ቀርቶላቸዋል፤ ዘሬ የሚሉት ነገር ነበር ያልተነካባቸው። «ደግሞ የሚንሸራተት!»

«አባባ፣» አለች የሻረግ እንደተንበረከከች፣ «ይህን መጭመቂያ የሠራው የማን እጅ ነው? ማረሻዎንስ? ለእርሻዎ ያልተጠየፉትን እጅ ለእኔ ለምን ይጠየፉታል? ትናንት እሺ ያልኩዎት በቅናት ነው። አበድኩ፣ አባባ። እሱን በሌላ ሴት እጅ ካሰብኩት አሁንም አብዳለሁ። ከእንዲህ ዓይነት ልብ ጋር ለውባንተ ቢሰጡኝ የሚበድሉት እሱን ነው።»

ግራዝማች ጀርባቸውን ሰጧት። ግመሉን፣ መጭመቂያውን፣ ባዶውን የዋርካ ሥር አዩ። አልመረቁም፤ አልረገሙምም። መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱና በዚያች ደረቅ ድምፃቸው ተናገሩ።

«ቤት ውስጥ ጨው የለም። ሂጅና ጨውሽን ግዢ።»

እሑድ ገበያ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። የሻረግ የአባቷን ነጠላ ጫፍ ስማ፣ ሙሉውን ጠርሙስ አንሥታ እየሮጠች ወጣች።

አዛናው የሲሚንቶው ቁልቁለት ጫፍ ላይ፣ ሳንቃውን ገልብጦ፣ ዝም ያሉ ኩሽኔታዎቹን በጣቱ እያሽከረከረ ተቀምጧል። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። ኩብራ ፈንጠር ብላ የከበሮውን ገመድ ትጠቀልላለች፤ አንድ ቃል እንዳልነገረችው ከገጹ ይታወቅ ነበር። የሻረግ ጠርሙሱን ፊቱ አስቀመጠችው። አዛናው ጠርሙሱን አየ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ እግሯን አየ። ጠርሙሱን አንሥቶ የታሰረበትን ክር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ክሩ አልተበጠሰም፤» አለ።

«አይቻለሁ፤» አለች።

አጠገቡ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። አራት ቀይ ውስጥ እግሮች ጎን ለጎን ፀሐዩን ተቀበሉ። የሻረግ ቀለሙን አስተያየች፤ አራቱንም የቀባው አንድ እጅ መሆኑም ትዝ አላት። ቀና ስትል ኩብራ እያየቻቸው ነበር።

«ኩብራ፣» አለቻት፣ «ውለታሽን አልረሳም። ቀለሙ ሲለቅ ግን የምቀባው እኔ ነኝ።»

«እሱንስ ማን ይከለክልሻል!» አለች ኩብራ፤ ገመዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ካሚዮኑ መለሰች። ያ ቀጥ ያለ አንገቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር።

የሻረግ አዘነችላት። ከልቧ አዘነችላት። ቢሆንም ኩብራ ዞር ብላ ሳታይ በፊት፣ በነጠላዋ ጫፍ የአዛናውን ውስጥ እግር ሸፈነችው።